ለሚካኤል ልጆች ካባ የሚሆን ከፈይ

ኅዳር 7 ቀን 1957

ይህን ደብተር የገዛሁት የሠርጉን ጉዳይ እንዳልረሳ ብዬ ነው። ማን ተጠራ፣ ማን ቀረ፣ ማን ቅር አለው። እኔ ሁሉን በአፌ ስለምጨርሰው ራሴ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ሽታዬ ልትዳር ነው! የወንድሜ ልጅ ናት፤ ግን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ቁስቋም ከኔ ጋር ኖራ ነው የተማረችው፤ ከወለዷት በላይ ወልጃታለሁ። ሠርጉ ጥር 23 እሑድ። ከደስታዬ የተነሣ ዛሬ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስስም ዋልኩ፤ የማላውቃቸውን ሳይቀር።

ትናንት የማርያም ንግሥ ስለነበር ቤቴ ሰው ሞልቶ ነበር። ወንድሜ መሪጌታ ሐዲስም ከወይራ ጥግ መጣ። ወይራ ጥግ ከእንፍራንዝ ወዲያ ያለች የገጠር ደብር ናት፤ እዚያ ሚካኤል ድጓ ያስተምራል። ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ በሰው ፊት፣

«ስማ መሪጌታ፣ እኔ ልጄን በሳቲን ካባ አልድራትም። ከፈይ ነው፤ ዙሪያውን በወርቅ የተጠለፈ። አባት ነኝ ካልክ አባትነትህን በካባ አሳየን» አልኩት።

ሰው በሣቅ ፈረሰ። እሱም ፈገግ አለና ጠላውን ሳይጨርስ አስቀመጠው። ሲወጣ በሩ ላይ፣ «አፍሽ እንደ መጋዘን በር ነው እንኳዬ፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም» አለኝ። ሣቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበርና።

ኅዳር 15

የሠርግ ደብተር ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ንዴት ገባበት።

የኔ ሥራ ስም ማውጣት ነው። ከአስመራ በማኪና የሚመጣ ዕቃ ጉምሩክ መጋዘን ሲገባ እኔ እከፍተዋለሁ፣ እዳስሰዋለሁ፣ ከታሪፍ መጽሐፉ ትክክለኛ ስሙን ፈልጌ ዲክላራሲዮን በሚባለው የቀረጥ ቅጽ ላይ እጽፋለሁ። ቄስ ሕፃን ሲያጠምቅ ስም እንደሚያወጣ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በኔ ስም ቀረጥ ይመጣል። አዲሱ ሹማችን አቶ ፋንታሁን ግን ከአዲስ አበባ መጥተው አንድ ወር ሳይሞላቸው ሊያስተምሩኝ ይፈልጋሉ። ዛሬ አንድ ነጋዴ ሁለት ሣጥን ፖፖ «የወጥ ድስት» ብሎ አስመዘገበ። ሹሙም አዩትና፣ «ክዳን አለው፣ እጀታ አለው፤ ድስት ነው ወይዘሮ እንኳየሁ» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ቤት ወጥ በዚህ ከቀረበ ለምሳ አይጥሩኝ» አልኳቸው።

የመጋዘኑ ዘበኛ አያ ማሩ ሣቁን በጋቢው ሸፈነ። ሹሙ ቀሉ። ፖፖው ፖፖ ተብሎ ተቀረጠ። ግን ምነው? አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ሥራ ሠርቼ፣ አዲስ አበባ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬ፣ ስለ ፖፖ ልከራከር?

ኅዳር 25

ዛሬስ ደሜ ፈላ።

የአቶ ቢያዝን ማኪና ገባ። ቢያዝን በጨርቅ ንግድ ጎንደር ላይ አንደኛ ነኝ የሚል፣ ሲያስነጥስ እንኳ ሰው ይማርህ እንዲለው ዞር ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው። አምስት ጣቃ ከፈይ አወረደ። ቀለሙ የወይን ጠጅ፣ እጅ ሲያርፍበት ውኃ ነው። አብሮትም ደብዳቤ። የወይራ ጥግ ሚካኤል ማኅተም ያለበት። የወንድሜ ደብር! እንዲህ ይላል፦

«በቅዱስ ሚካኤል ጥላ ሥር ላሉ ልጆች ለካባ የሚሆን ከፈይ፣ አምስት ጣቃ፣ በአቶ ቢያዝን እጅ እንዲመጣልን ስለታዘዘ እንድትተባበሩን።»

ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚመጣ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ነው፤ ከፈይ ግን የቅንጦት ጨርቅ ስለሆነ ቀረጡ የሚያስለቅስ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው «ካባ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው።

አያ ማሩ የእንፍራንዝ ሰው ነው። ጣቃውን በዐይኑ ለካና፣ «እቴ እንኳየሁ፣ የወይራ ጥግ ካህናት ቢበዙ ሰባት ናቸው። አምስት ጣቃ ምነው? ግድግዳውን ሊያለብሱት ነው?» አለ።

ልክ ነው። ከአንድ ጣቃ አምስት ካባ ይወጣል፤ አምስት ጣቃ ሃያ አምስት ካባ። «ነፃ» ብዬ አልጻፍኩም። «ከፈይ፣ በሜትር፣ ለንግድ» ብዬ ጻፍኩ። እንደ ደንቡ ከእያንዳንዱ ጣቃ ጫፍ ማዕዘኑን ቆርጬ ናሙና ወሰድኩ፤ አምስቱንም ቁጥር ሰጥቼ በስፒል ዲክላራሲዮኑ ላይ አያያዝኳቸው። መቀሴ መሐሉ ላይ ጥርሱ ስለረገፈ የቆረጠው ሁሉ ትንሽ ምላስ ያወጣል። አያ ማሩ አየና፣ «ጨርቁም እንዳንቺ ተናጋሪ ሆነ» አለኝ።

የደብዳቤው ጽሕፈት ግን ሸጋ ነው። «ሚ» እግሯን ወደ ኋላ ትስባለች። የት እንዳየሁት እንጃ። የድጓ ተማሪ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጽፍ። ደግሞም ሐዲስ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ማኅተሙ ያለው አለቃው ዘንድ ነው።

ኅዳር 28

ቢያዝን መጣ። ሳይቀመጥ ጀመረ።

«እሜቴ፣ ሚካኤልን ቀረጥሽው አሉ!»

«ሚካኤልን አይደለም፤ አንተን ነው።»

«ካባ የቤተ ክርስቲያን ልብስ አይደለም?»

«የካህንም ነው፣ የሙሽራም ነው። ጥር እየመጣ ነው አቶ ቢያዝን። በጥር ስንት ታቦት ይወጣል፣ ስንት ሙሽራ ትወጣለች? ቁጠርና ንገረኝ።»

«ማኅተም የማታከብር ሴት!» ብሎ በሩን ወርውሮት ሄደ። በሩ የመንግሥት በር ነው። እሱንም ልቀርጠው ይገባኝ ነበር።

ታኅሣሥ 4

ቅዳሴ ላይ ሁለት ሴቶች ከአጠገቤ ተነሥተው ሄዱ። አንዷ ስንዱ ናት፤ ክርስትና ልጇን ያነሣሁላት ስንዱ! ከኋላዬ «ሚካኤልን የቀረጠችው እሷ ናት» ሲባል ሰማሁ። ጸሎቴ ሁሉ ስድብ ሆነብኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እኔ ሚካኤልን የምዘክር ሴት! በየወሩ በአሥራ ሁለት ቤቴ የሚበላው ማን ሆነና!

ታኅሣሥ 7

ሐዲስ መጣ። ደስ አለኝ፤ እሱ ነገሩን ያጠራዋል ብዬ።

«የደብርህን ማኅተም ማን ነው በነጋዴ እጅ የሚያስገባው?» አልኩት።

ጣራውን አየ። «አለቃው ዐይናቸው ደክሟል። ያነበቡላቸውን ያትማሉ።»

«ማነው ያነበበላቸው?»

«ደብዳቤው ውሸት አለበት?»

«እንዴት የለበትም!»

«ካባ ይላል። ከፈዩም ለካባ ነው። ምኑ ነው ውሸቱ?»

«አንተ ደግሞ የማን ወገን ነህ?»

«ያንቺ» አለ። «ተይው እንኳዬ። አንዳንድ ነገር ሲተዉት ያምራል» አለኝ። እራት አልበላም። ከጾሙ ነው። በነቢያት ጾም ምሽት ላይ እንደሚበላ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቃለሁ።

የአለቃው ጸሐፊ ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል? ጸሐፊ አላቸው አይደል? መኖር አለበት። እሱን ብይዘው አጥንቱን እቆጥርለት ነበር።

ታኅሣሥ 14

ቢያዝን ከስሶኛል። ወደ በላይ ጽፎ፣ «በግል ጥላቻ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የቅንጦት ዕቃ ብላ አዋረደች» ብሏል። አቶ ፋንታሁን ጠሩኝ።

«ይቀመጡ ወይዘሮ እንኳየሁ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ከፈዩን በዋስትና ለቅቄዋለሁ። ጥር 20 እርስዎንም አቶ ቢያዝንንም እሰማለሁ። ከፈዩ ለሌላ ነገር መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ ካመጡ ለንግድ ያሉት ምደባዎ ይጸናል። ካላመጡ ግን...» ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። «ከሥራ እንዲሰናበቱ ነው ትእዛዙ።»

«ከእጄ አውጥታችሁ ማስረጃ አምጪ? ጭሱን ለቅቆ እሳቱን ያዢ እንደማለት ነው እኮ!»

«ደብዳቤው ማኅተም አለው። እኔ ማኅተም ረግጬ ማለፍ አልችልም» አሉኝ። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። ፈሪ ግን ያናድደኛል።

ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሽታዬን ያሳደግኋት፣ ቤቱን ያቆምኩት በዚህ ሥራ ነው። በኔ ቦታ የሚቀመጠው ሰው ፖፖን ድስት የሚል ነው!

ታኅሣሥ 22

ገበያ ዞርኩ። የጨርቅ ሱቅ በሱቅ። የወይን ጠጅ ከፈይ የለም። ቀይ ከለምዳ የለበሰ ለማኝ ብቻ አገኘሁ። ቢያዝን ደብቆታል፤ እስኪወሰንልኝ... እስኪወሰንብኝ ማለቴ ነው። በዋስትናው ተናድጄ አያ ማሩን እንኳ ሰደብኩት፤ ምን አደረገ እሱ? ነገ ይቅርታ።

ጥር 2

ካባው መጣ!

ሐዲስ በነጭ አንሶላ ጠቅልሎ ልኮታል፤ ወለተሩፋኤል፣ ሚስቱ፣ ይዛው መጣች። ከፈይ! ዙሪያው የወርቅ ጥልፍ፣ አንገቱ ላይ ሐረግ። ሽታዬ ለበሰችውና ዞረች፣ ዞረች፤ ቤቱ ጠበባት። እኔ እልል አልኩ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ወንድሜን በሰው ፊት ያዋረድኩበት ምላሴ ይቆረጥ። ሲቆጥብ ኖሮ ነው። መሪጌታ ነው እንጂ ድሃ አይደለም።

ቀለሙ ቀይ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ። በፋኖስ ስለሆነ ያየሁት በትክክል እንዲህ ነው ማለት አልችልም። ሣጥን ውስጥ አድርጌ ቆለፍኩት፤ ፀሐይ ከፈይ ያደበዝዛል።

ወለተሩፋኤል ደግሞ ሐዲስ የጻፈውን የእንግዳ ዝርዝር ሰጠችኝ። ሳላነበው ሣጥኑ ውስጥ ጨመርኩት። ነገ አነበዋለሁ።

ጥር 9

ዝርዝሩን አላነበብኩትም። ጊዜ የለም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳስ። ጊዜ የለም።

ጥር 13

አያ ማሩ ጥምቀትን አገሩ ውሎ መጣ። ገና መጋዘን በር ላይ፣ «እቴ፣ እልል በይ!» አለኝ።

«ምን ተገኘ?»

«የወይራ ጥግ ካህናት ያችኑ የድሮ ካባ ለብሰው ነው ሚካኤልን ያጀቡት። እጅጌዋ የተጣፈችውን! አዲስ ከፈይ የለበሰ አንድም ቄስ አላየሁ።»

«ማርያምን በል!»

«ማርያምን! እንፍራንዝ ላይ ግን ሁለት ሙሽራ አይቻለሁ፤ እንደ ወይን ጠጅ የሚያበራ ካባ ደርበው። 'ምነው፣ ከየት አመጣችሁት?' ብል፣ 'ከቢያዝን ሱቅ፣ በጓሮ' አሉኝ።»

አቅፌ ሳምኩት። እየሮጥኩ ለሹሙ ነገርኩ። «ወሬ ነው፤ ጨርቁን ያምጡ» አሉኝ። ጨርቁን! ሙሽራ ከነካባዋ ነክሼ ላምጣ?

ጥር 17

ካባው ለሽታዬ ረዝሞባት ጠርዙን ላሳጥር ብዬ ቀን በብርሃን፣ በረንዳ ላይ፣ ገበሩን ፈታሁ።

አየሁት።

ታችኛው ማዕዘን፣ ልብስ ሰፊው ወደ ውስጥ አጥፎ የደበቀው። የተቆረጠ ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ ምላስ። ምላሱን አውጥቶ ያየኛል።

ጥር 18

አልተኛሁም። ዝርዝሩን አወጣሁ። «የሚካኤል ማኅበርተኞች» ይላል አንድ ቦታ። «ሚ» እግሯን ወደ ኋላ ትስባለች።

ዛሬ ወይራ ጥግ ሄድኩ። ሐዲስን ተማሪዎቹ ፊት አላዋረድኩትም፤ ያን ያህል ተምሬአለሁ። ወደ ዋርካው ወሰድኩት።

«ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«ለስንት?»

«ለስድስት ሜትር» አለ። «ለአንድ ካባ። ግን አልዋሸሁም። አንብቢው። 'በሚካኤል ጥላ ሥር ላሉ ልጆች' ነው ያልኩ። ካህናት አላልኩም። ሽታዬ የሚካኤል ልጅ አይደለችም? እዚህ አልተጠመቀችም? እንፍራንዝ ያሉት ሙሽሮችስ?»

«ቅኔህን ለጉምሩክ ትቀኛለህ?! እኔን ሰሙን አስይዘህ ወርቁን ለቢያዝን?!»

«ያንቺ እጅ ላይ እንደሚወድቅ መች አወቅሁ? ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ሹም ነው የሚያየው ብሎኛል ቢያዝን።»

«እንጀራዬ ነው የሚሄደው ሐዲስ! ከኅዳር ጀምሮ እንደ መናፍቅ ከቤተ ክርስቲያን ስገፋ ታያለህ፤ 'ተይው' ትለኛለህ!»

በዝግታ፣ ሳይቆጣ፣ «በቁስቋም ዕለት ምን አልሽኝ እንኳዬ? 'አባትነትህን በካባ አሳየን።' ሃያ ሰው ሣቀብኝ። ሁለት ሌሊት እሱን ስሰማ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ቢያዝን መጣ» አለኝ።

ብዙ የምናገረው ነበረኝ። አንድም አልወጣም። እኔ! አፌ ተዘጋ። በእግሬ እስከ መንገዱ ወረድኩ፤ ማኪና አቁሞ ሊጭነኝ የፈለገውን ሰው ሰደብኩት።

ጥር 19

ለሽታዬ ነገርኳት። ማልቀስ ትጀምራለች ብዬ ነበር። ካባውን ራሷ አጣጥፋ ሰጠችኝ።

«እቴቴ፣ እኔ ነጠላ ይበቃኛል። አባባን ብቻ ተይው።»

«ካባውን ካላሳየሁ ሥራዬን አጣለሁ። ካባውን ካሳየሁ አባትሽን።»

«ካባውን አቃጥይው።»

«ዕቃ አይቃጠልም፤ ይመደባል» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አልገባኝ። አሁን እየገባኝ ነው።

ጥር 20

ቢያዝን ነጭ ለብሶ፣ መስቀል ያለበት መቁጠሪያ ይዞ መጣ። ጥጋቡ! አቶ ፋንታሁን ደብዳቤውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ማስረጃ አለዎት ወይዘሮ እንኳየሁ?»

አንሶላውን ጠረጴዛቸው ላይ ፈታሁ። ካባው ተዘረጋ። ከዲክላራሲዮኑ ሁለተኛውን ናሙና ነቅዬ ከማዕዘኑ ጋር አጋጠምኩት። ምላሱ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ፤ ቅንጣት ክፍተት አልቀረም። መቀሴንም አጠገቡ አስቀመጥኩት። አያ ማሩ በር ላይ ቆሞ፣ «የእግዜር ሥራ» አለ። የእግዜር አይደለም፤ የአሮጌ መቀስ ነው።

ቢያዝን ሣቀ። «ይህ እኮ የራሷ ልጅ ካባ ነው! ጎረቤቱ ሁሉ እልል ስትል ሰምቷል። ማናት ሌባዋ?»

«የልጄ ነው» አልኩ። «ለዚህ ነው ያመጣሁት። ስድስት ሜትር ከፈይ በስሜ ይመዝገብልኝ፤ ቀረጡን እከፍላለሁ። የቀረውን እሱ ይክፈል።»

አቶ ፋንታሁን ታሪፉን ገለጡ። «ይህ የተሰፋ ልብስ ነው፤ በተሰፋ ልብስ...»

«አይሆንም! ዕቃ የሚቀረጠው በገባበት መልኩ ነው እንጂ በወጣበት አይደለም። የገባው ጣቃ ነው። ከፈይ በሜትር!» ጠረጴዛውን መታሁት። በራሴ ላይ እንኳ ስም ሲሳሳቱ አልወድም።

ቀና ብለው አዩኝ። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ልክ ነዎት» አሉ፤ ጻፉም። ከዚያ፣ «ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ሁሉ ስሸሸው ነበር። ማኅተሙን ጠይቁ ማለት እችል ነበር። አለቃውን ጠይቁ ማለት እችል ነበር። ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ በወንድሜ ፋንታ ይጠየቁ?

«ወንድሜ ነው» አልኩ። «ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። ኅዳር 25ም አውቄው ነበር።»

ቢያዝን መቁጠሪያውን አቆመ።

ጥር 22

ቢያዝን የአምስቱንም ጣቃ ቀረጥ ከነቅጣቱ እንዲከፍል ተጻፈ፤ የኔ ስድስት ሜትር ተቀንሶ። ምደባዬ ጸና። ሥራዬም። ወደ ደብሩ ደብዳቤ ሄዷል፤ ሐዲስ እስከ ፋሲካ ጉባኤ ዘርግቶ እንዳያስተምር ተብሏል። ስንዱ ትናንት በአስተርእዮ ልትስመኝ መጣች። ፊቴን አዞርኩባት። ነገ ምናልባት።

የስድስት ሜትሩን ቀረጥ ከፍዬ ደረሰኙን ገበሩ ውስጥ ከተቆረጠችው ማዕዘን ጋር አድርጌ ሰፋሁት። ምላሷን አልቆረጥኳትም።

ጥር 24

ተዳረች።

ሐዲስ ይቀራል ብዬ ነበር። መጣ። ዳሱ መግቢያ ላይ፣ እንደ ሩቅ ሰው፣ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። ሄጄ ክንዱን ይዤ ወደ ፊት አመጣሁት። ጠላ ሰጠሁት፤ ሙሉውን ጠጣው። አሁንም ተናድጄበታለሁ። ያ ንዴት ገና ዓመት ይበላል። ግማሹ ደግሞ የኔ ነው፤ የቱ ግማሽ እንደሆነ ገና አልመደብኩትም።

ሽታዬ ካባዋን ደርባ ስትወጣ ሕዝቡ ተነሣ። በየእርምጃዋ ከታች ጠርዟ አካባቢ ሸር ሸር ይላል። ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣

«እቴቴ፣ ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አለችኝ።

«ምን ጨነቀሽ» አልኳት፤ «ቀና ብለሽ ሂጂ። የተከፈለበት ካባ እንዲህ ነው የሚጮኸው።»